የፋራዴይ ማንኪያ

ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት መርጠው የቤተ ሙከራቸውን በር ለወላጆችና ለልጆች ይከፍታሉ። በፈሳሽ ናይትሮጅን የተነከረ ጽጌረዳ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፣ በጋዝ የተሞላ ፊኛ ይፈነዳል፣ ቀለም ያልነበረው ፈሳሽ በድንገት ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያም ልጆቹ በየጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስበው በገዛ እጃቸው ይሞክራሉ። ስለዚህ ልማድ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ፍንዳታውና ጭብጨባው ነው። እኔ ግን ታሪኩ የሚገባን ሌላ ጥያቄ ይዘን ስናነበው ነው እላለሁ፤ ይኸውም ሙከራው በማን እጅ ነበር? የሚለው ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያስቆጠረው የዚህ ልማድ ጉዞ፣ ሙከራ ከመምህሩ ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ተመልካቹ እጅ የተሻገረበት ጉዞ ነው። አንድ ትርኢት ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውም በዚሁ ሊመዘን ይገባል።

መነሻው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በ1799 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የሳይንስ ተቋም ሮያል ኢንስቲቱሽን በ1825 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በገና ሰሞን ለወጣቶች ተከታታይ የሳይንስ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ትምህርቱን ስመ ጥር ያደረገው ማይክል ፋራዴይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረሰም። የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተለማማጅ ነበር። ኬሚስትሪን የተዋወቀው ሊጠርዛቸው ከመጡት መጻሕፍት አንዱን፣ ጄን ማርሴት የተባለችው ሴት በ1806 ያሳተመችውንና በጥያቄና መልስ የተዘጋጀውን መጽሐፍ በማንበብ ነው። በ1812 አንድ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲቱሽን ወደሚሰጠው የኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ትምህርት የሚያስገባ ቲኬት ሰጠው። የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ በሙያው ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በ1813 በረዳትነት ተቀጠረ። ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜም የገናውን ትምህርት 19 ጊዜ ሰጠ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚታወሰው በ1848 እና በ1860 ያቀረበው ነው፤ ርእሱም አንድ ተራ ሻማ ነበር። ፋራዴይ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን ያቆራኘ ሰው ነውና በመብረቅ ብልጭታ አዳራሹን ሊያስጮህ ይችል ነበር። እሱ ግን በየቤቱ የሚገኘውን ነገር መረጠ፤ ምርጫው በጣም የታሰበበት ይመስለኛል። በስድስት ተከታታይ ክፍሎች የቀለጠው ሰም በክሩ ወደ ላይ እንዴት እንደሚሳብ አስረዳ፤ ነጭ ጋዝ በኩራዝ ክር ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በነበልባሉ መካከል ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አግብቶ የሰሙን ተን ወደ ውጭ ሳበና በሌላው ጫፍ ለኮሰው፤ የሚነደው ጠጣሩ ሰም ሳይሆን ተኑ መሆኑ በዓይን ታየ። ከነበልባሉ የሚወጣው አየር የኖራ ውሃን እንደሚያደፈርስ አሳየ፤ ሰው ሲተነፍስበትም ያው ውሃ በተመሳሳይ መንገድ ይደፈርሳል። ስለዚህ በሻማው የሚሆነውና በደረታችን ውስጥ የሚሆነው ዝምድና አላቸው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ትንሿ ነገር ናት። ሻማ ሲነድ ውሃ እንደሚፈጠር በቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ካሳየ በኋላ፣ ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ ብርድ የነካው ማንኪያ ከሻማው በላይ፣ ጥላሸት እንዳይዘው ተጠንቅቀው እንዲይዙና ሲደበዝዝ እንዲያዩ ነገራቸው። በዚያች ቅጽበት ሙከራው ከአዳራሹ ወጣ። መምህሩ ያለውን ማመን ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ ማንም ቤቱ ገብቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ቀጣዮቹ እርምጃዎች በአውሮፓ ከተሞች ታዩ። በ1889 በርሊን ውስጥ በተከፈተው ኡራኒያ በተባለ የሳይንስ ማዕከል ጎብኚው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ሙከራውን ያስጀምር ነበር። በ1937 ደግሞ የኖቤል ተሸላሚው ዣን ፔሬን ፓሪስ ላይ ፓሌ ደ ላ ዴኩቨርት የተባለውን የሳይንስ ቤተ መዘክር አቋቋመ፤ በዚያም ሙከራ በሕዝብ ፊት ይሠራ ነበር። ሐሳቡ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሙሉ መልክ የያዘው ግን፣ በእኔ ግምት፣ በፍራንክ ኦፐንሃይመር እጅ ነው። የታዋቂው ፊዚሲስት የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም የሆነው ይህ ፊዚሲስት በ1949 በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተፈናቅሎ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት አርቢ ሆነ፤ በኋላም በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተማረ። ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ብዙ መሣሪያዎች የያዘ የሙከራ ቤተ መጻሕፍት አደራጀ። መሣሪያዎቹ እንደ መጽሐፍ በቦታቸው ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር፤ ተማሪው በፈለገው ሰዓት ገብቶ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይሞክር ነበር። በ1965 የአውሮፓን ቤተ መዘክሮች ጎበኘ፤ በ1969 ደግሞ ይህንኑ መንገድ ለሕዝብ ያስፋፋውን ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለ ቤተ መዘክር በሳን ፍራንሲስኮ ከፈተ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ መዝናናት ትምህርት አይደለም የሚል። ተቃውሞው ከባዶ አልመጣም። በ2004 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በክፍል ውስጥ ሙከራ ሲሠራ ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ሙከራውን ጨርሶ ካላዩት እምብዛም የተሻለ አልተረዱም። ይህ ለትርኢት አዘጋጆች መራራ ውጤት ነው፤ መሸሸግም የለበትም። ነገር ግን የዚያው ጥናት ሌላ ክፍል አለው፤ ሙከራው ከመሠራቱ በፊት ምን እንደሚሆን እንዲተነብዩ የተጠየቁት ተማሪዎች ነገሩን በግልጽ በተሻለ ሁኔታ ተረድተዋል። ጥናቱ ያጋለጠው እንግዲህ ትርኢትን ሳይሆን ተመልካችን ዝም የሚያሰኝ ትርኢትን ነው። ግምቱን አስቀድሞ የተናገረ ልጅ በውጤቱ ላይ ድርሻ አለው፤ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ የራሱ ነው፣ ለምን እንደተሳሳተም ማወቅ ይፈልጋል። በዊስኮንሰን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ባሳም ሻካሺሪ ከ1970 ጀምሮ ባስለመዱት የገና የኬሚስትሪ ትርኢት ላይ ይታይ የነበረው ቀለምና ብልጭታ ብዙ ነበር። ሻካሺሪ ግን ሙከራዎቹን ምስጢር አላደረጓቸውም፤ ከ1983 ጀምሮ በተከታታይ ባሳተሟቸው መጻሕፍት አሠራራቸውን፣ አደጋቸውንና ከበስተጀርባቸው ያለውን ሳይንስ ለመምህራን ሁሉ አቀረቡ። አስማተኛ ይህን አያደርግም፤ ጥበቡ ከታወቀ ገበያው ይዘጋል።

ልጅን በመሣሪያ መሃል ለቅቆ መተው ጨዋታ እንጂ ሌላ አይሆንም የሚሉም አሉ። ኦፐንሃይመር ይህን ቀድሞ የተገነዘበ ይመስላል። በኤክስፕሎራቶሪየም ወጣት ተማሪዎችን አስረጂ አድርጎ በየመሣሪያው መካከል አሰማራ። ጎብኚ የሚያገኘው ካባ የደረበ ሊቅ ሳይሆን ትናንት ራሱ ግራ ተጋብቶ የነበረ ወጣት ነው፤ እሱን መጠየቅ አያሳፍርም። ከቤተሰብ ጋር መምጣትም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አባትና እናት መልሱን ሳያውቁ ከልጃቸው ጋር ሲገምቱ፣ አለማወቅ ነውር መሆኑ ለጊዜው ይቀራል።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ወደነዚህ አዳራሾች የሚመጣው ቀድሞም ትምህርት የቀረበለት ቤተሰብ ነው የሚለው። ይህን አልክድም። በፋራዴይ ዘመን ሮያል ኢንስቲቱሽን የባለ ሠረገሎች መሰብሰቢያ ነበር፤ እሱ ራሱ የገባው ደንበኛ በሰጠው ቲኬት ነው። በሩን በነጻ መክፈት ብዙ ይረዳል፤ ግን ሩቅ ላለውና የትራንስፖርት ገንዘብ ለሌለው ይህም አይበቃም። ሙከራው ከአዳራሹ መውጣት አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክስ የሻማውን ትምህርት በ1861 በመጽሐፍ አሳትሞት ቲኬት ያላገኘው ሰው ሁሉ እንዲያነበው አስችሏል። የማንኪያው ሙከራም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ የሚጠይቀው የበራ ሻማና ብርድ የነካው ማንኪያ ብቻ ነው።