የጥንድ ዱአትሎን

የጥንድ ዱአትሎን ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ቡድን በብስክሌትና በሩጫ የሚወዳደሩበት የጽናት ስፖርት ነው። መደበኛው ዱአትሎን ሩጫ፣ ብስክሌት፣ ከዚያም ዳግም ሩጫ ሲሆን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1990 እ.ኤ.አ. ተካሂዷል። ጥንዶች ወይ ሥራውን ይከፋፈላሉ፣ ወይ አብረው ይጓዛሉ። አብረው ከሆነ ሰዓቱ የሚያዘው ኋለኛው ሲገባ ነውና ጎበዙ ብቻውን ቢፈተለክ ትርፍ የለውም።

ሜዳ ላይ የፊተኛው ጋላቢ ነፋሱን ስለሚሰብር ከኋላው የተጠጋው ጉልበት ይቆጥባል። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ይህ ጥቅም ይመነምናል፤ እዚያ እያንዳንዱ የሚተማመነው በራሱ ሳንባ ነው።

ከጎንደር በስተሰሜን ያለው የዳባትና የደባርቅ ምድር ለዚህ ስፖርት የተመቸ፣ ግን ምሕረት የሌለው ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። በስሜን ተራሮች ወደሚገኘው ሳንቃበር ዳገቱ ይቀጥላል፤ በሌላው አቅጣጫ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዳ ሳይላመድ ቢሮጥ ትንፋሹ ያጥራል። የአገሬው ሰው ግን ሌላ ነው፦ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ቡድን ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢንና የደም ኦክስጅን መጠናቸው ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል።

ከፍታውን የለመደም ቢሆን ፍሬኑ ባልተፈተሸ ብስክሌት ሊማሊሞን መውረድ አይገባውም።