ፓስተር የሰው ስም ነው

 

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጉለሌ አካባቢ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ፓስተር የሰው ስም ነው። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ተወለደ። ዛሬ የምታነቡት ይህ ሰው የእብድ ውሻን በሽታ እንዴት እንደታገለ ነው።

ፓስተር ገና ልጅ ሳለ ያበደ ተኩላ በአገሩ ሰው ነከሰ። የተነከሱትን ወደ ቀጥቃጭ ቤት ወሰዷቸው። ቀጥቃጩም ብረቱን አግሎ ቁስላቸውን ተኮሰ። የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። መተኮስ በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ እንግዲህ ፈረንጁም እንደኛው ነበር ማለት ነው።

አሁን በሽታው እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። የበሽታው ተሕዋስ ያለው ባበደው ውሻ ምራቅ ውስጥ ነው። ውሻው ሲነክስ በቁስሉ ይገባል። ከዚያ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። መንገዱ ረጅም ነው። ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። «ዳንኩ እኮ!» ይላል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ግን ውሃ መዋጥ ያቅተዋል፣ ይቃዣል፣ ይሞታል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ፓስተር ያሰበው ይህንን ነው። ተሕዋሱ በመንገድ ላይ ሳለ ሰውነትን ብናስታጥቀውስ? ተሕዋሱን በዓይኑ አላየውም፤ የዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ ሊያሳየው አይችልም ነበር። ቢሆንም በበሽታው የሞተች ጥንቸል ኅብለ ሰረሰር እያወጣ በጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥሎ አደረቀ። ብዙ ቀን የደረቀው ኃይሉ ደከመ። በውሾች ላይ ሞከረው፤ ሠራለት።

በ1877 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ (በኤውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 6 ቀን 1885) አንዲት እናት ልጇን ይዛ ፓሪስ መጣች። አዲስ አበባ ገና ያልተቆረቆረችበት ጊዜ ነው። ልጁ ዮሴፍ ማይስተር ይባላል፤ ዕድሜው 9 ዓመት ነው። ያበደ ውሻ ከነከሰው ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ቁስሉም 14 ነው። ፓስተር ተጨነቀ። እሱ የኬሚስትሪ ሊቅ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ መርፌውን ግራንሼ የተባለ ሐኪም ወጋ። መጀመሪያ በጣም የደከመውን፣ ከዚያ በየቀኑ ጠንከር ያለውን፣ በድምሩ 13 ጊዜ ተወጋ። ልጁ ዳነ። አድጎም በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ዘበኛ ሆኖ ሠራ፤ የሞተውም ከ55 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ዡፒይ የተባለ የ15 ዓመት እረኛ ተነከሰ። ጎበዝ ነው! ሌሎቹን ትናንሽ እረኞች ለማትረፍ ከውሻው ጋር ታግሎ አፉን በጅራፍ አሰረው፤ በእንጨት ጫማውም መትቶ ገደለው። በ6ኛው ቀን ፓስተር ዘንድ ደረሰ፤ ዳነ። ወዲያው ደግሞ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ መጣች። እሷ ግን ከተነከሰች 37 ቀን አልፏታል። ፓስተር እንደዘገየች አውቆ፣ አልችልም ማለት አቅቶት ከተባት። ሞተች። መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ የለያቸው ቀኑ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ተቋቋመ፤ የጉለሌው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ያውም ሆድ ላይ! ሰው ቢፈራው አይፈረድበትም። አዲሱ ዓይነት ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚወጋ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

እንግዲህ እናንተን ወይም ልጃችሁን ውሻ ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ እጠቡት። ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ይህ ብቻውን ብዙ ተሕዋስ ያስወግዳል። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። «እስቲ በባህል መድኃኒት እንሞክረውና ካልሆነ እንሄዳለን» አትበሉ፤ ያቺ የ10 ዓመት ልጅ ያለፋት ቀን እንዲህ ነው የሚያልፈው። ድመትም ብትነክስ ያው ነው።

የነከሰው ውሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሩቅ ውሻ አይደለም፤ የራስ ወይም የጎረቤት ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም መቼ እንደሚከትብ ጠይቁት፤ ቀኑንም በደብተራችሁ ጻፉት።