ድርቅ፣ ረሃብና የደሴ ገበያ፦ መንስኤን ከምልከታ ስለ መለየት



የኬሚስትሪ ተመራማሪ መንስኤን ለመለየት ሲሻ አንዱን ብልቃጥ አሙቆ ሌላውን ይተዋል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ወሎን ያለ ድርቅ ዳግመኛ ሊያኖራት አይችልም። በእጁ ያለው የሆነው ነገር ትቶት ያለፈው መዝገብ ብቻ ነው። ዛሬ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ የመረጥሁት ለዚህ ነው።

ዝናብ ጠፋ፤ ሰው በረሃብ አለቀ። የቀደመው የተከተለውን አመጣው ማለት ይቀናናል። ድርቁ ወደ ሞት ያደረሰው ግን በየትኛው መንገድ ነው? ሁለት መላምቶች አሉ። አንደኛው፣ ገዢ እያለ እህል ጠፋ፤ ወይም በማጓጓዣ እጦት ወሎ ሳይደርስ ቀረ ይላል። ሁለተኛው፣ እህል ቢገኝም ገበሬው መግዣ አጣ ይላል።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ መላምቶቹን በዋጋ ፈተናቸው። የመጀመሪያው እውነት ቢሆን ኖሮ የደሴ የእህል ዋጋ እጅግ መናር ነበረበት። እርሱ ያገኘው ግን ዋጋው እምብዛም እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበረ ነው። የአገሪቱ ምርትም የቀነሰው ከመደበኛው በ7 በመቶ ገደማ ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ምግቡንና ገቢውን በአንድነት አጣ፤ አርብቶ አደሩም ከብቱ አለቀበት፣ የተረፈውም ከእህል አንጻር ዋጋው ወረደ።

እኔም ይህን ለዓመታት እንደ ተዘጋ ጉዳይ አስተማርሁ። ተሳስቼ ነበር። ተቺዎች እንዳነሡት፣ ደሴ በአውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከመንገድ ርቆ ስላለ የደጋ መንደር የምትመሰክረው ጥቂት ነው። የአገር አማካይም የአንድን አውራጃ ባዶ ጎተራ ይሸፍናል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ወደ ገበሬው ኑሮ አተኮሩ፤ ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው ገበሬው ቀድሞውኑ ተራቁቶ መጠባበቂያ ሲያጣ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

መንስኤን መሰየም ፍርድ መስጠት ነው። የጠፋው እህል ከሆነ እህል ይጫናል፤ የጠፋው መግዣ ከሆነ ሥራና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ «ድርቅ ገደላቸው» ካልን ግን ተጠያቂ አይኖርም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ መረጃ በያዛችሁ ቁጥር ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መላምቴ ሐሰት ቢሆን ምን አይ ነበር? ማስረጃዬስ ስለ ማን ዝም ይላል? የደሴ ዋጋ ገበያ የደረሱትን ሰዎች ግብይት መዝግቦልናል። በየመንደሩ የቀሩት ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም።