«ፓርክ ላይ ነው» ብለን ስንወርድ

ሰሞኑን አሜሪካ ያለ አንድ ወንድማችን ያገለገለ የ2014 ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ሊገዛ አስቦ «አንተ መኪና ውስጥ ነው የምትውለው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ለሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጂፑ በፊት ነው። በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ የፎርድ መኪኖች ሞተራቸው እየሠራ ፓርክ ላይ እንደቆሙ ወደ ኋላ ማርሽ ይገባሉ የሚል አቤቱታ በዛ። ሰውዬው ዕቃ ሊያወርድ ወርዶ እያለ መኪናው በላዩ ላይ ይመጣበታል። ለመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት 23,000 ያህል አቤቱታ ደረሰ። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቷልም ተባለ። ሁሉም «መኪኖቹ ተጠርተው ይጠገናሉ» ብሎ ሲጠብቅ፣ በ1980 መጨረሻ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ፎርድ ከ20 ሚሊዮን ለሚበልጡ ባለመኪኖች የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ላከ። ማርሹን በደንብ ፓርክ ውስጥ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ የሚል ወረቀት! በቃ።

አሁን ወደ ጂፑ እንምጣ። የ2014 እና የ2015 ግራንድ ቼሮኪ ላይ ችግሩ ሌላ ነበር። ማርሹ ኤሌክትሮኒክ ሆነና እጀታው በተገፋ ቁጥር ተመልሶ መሐል ላይ ይቆማል። ድሮ እጃችን ራሱ ፓርክ መግባቱን ያውቅ ነበር፤ እዚህ የሚነግርህ መብራት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ፓርክ ያስገባ መስሎት ሞተር ሳያጠፋ ወረደ፣ መኪናውም ተንከባለለ።

መሥሪያ ቤቱ በነሐሴ 2015 ምርመራ ጀመረ። በሚያዝያ 2016 ኩባንያው፣ ዶጅ ቻርጀርና ክራይስለር 300 ተጨምረው፣ 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለጥገና ጠራ። 41 ሰዎች መጎዳታቸውም ተመዝግቦ ነበር። ጥገናው ግን ወዲያው አልደረሰም። ሰኔ 19፣ 2016 ተዋናዩ አንቶን የልቺን ሎስ አንጀለስ በገዛ ግቢው መግቢያ ላይ የራሱ የ2015 ግራንድ ቼሮኪ ወደ ኋላ ተንከባልሎ፣ ከግንብ ምሰሶና ከአጥር ጋር አጣብቆ ገደለው። ዕድሜው 27 ነበር። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ከሌኒንግራድ ይዘውት የተሰደዱ ናቸው። የስደተኛ ልጅ፣ እንደኛ ልጆች።

ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ተራ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ነው። እኛስ? መኪናው ሲያስቸግር መካኒክ ጋ እናማርራለን፣ ከዚያ ሸጠን እንገላገላለን። የገዛውም ምናልባት ሌላ ሐበሻ ነው። ያልተጻፈ አቤቱታ ደግሞ አይቆጠርም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት 17ቱን የሻንሲ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ እይ፤ ገንዘብ አይጠየቅም። ያገለገለ መኪና ሻጭ ለጥገና የተጠራውን አሠርቶ እንዲሸጥልህ የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም፤ ጠያቂው አንተ ነህ። የጂፑን ጥገናም አከፋፋዩ በነፃ ይሠራልሃል።

ለኤርፖርት ወንድሞቼና እህቶቼም፦ ሻንጣ ለመጫን ስንወርድ ሁላችንም ሞተር አናጠፋም። ከዛሬ ጀምሮ ፓርክ፣ የእጅ ፍሬን፣ ሞተር ማጥፋት። ሦስት ሴኮንድ ነው። ችግር ካያችሁም ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ቸር ያሰማን።