የሰሜን ወሎ የእንጨት ሕንፃ፤ ከላስታ ዋሻ እስከ መርሳ ገበያ

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ወይም ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓለቱን ያደንቃል፤ ማድነቁም የተገባ ነው። ነገር ግን በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ፊት በትዕግሥት የሚቆም ተመልካች፣ ከላይ እስከ ታች አንዱ ገባ አንዱ ወጣ እያለ የተደረደረውን አግድም ረድፍ፣ በመስኮቱም ማዕዘኖች ላይ አፈንግጦ የወጣውን አራት ማዕዘን ጉጥ ልብ ብሎ ሲያይ፣ ይህ ሁሉ ለዓለት የማያስፈልግ መሆኑን ይረዳል። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ ግድግዳ ማሰሪያ ግንድ አይሻም፤ መስኮቱም መቃን ባይኖረው አይወድቅም። ጠራቢዎቹ ይህን ሁሉ በብዙ ድካም በድንጋይ ላይ የቀረጹት፣ በእነርሱ ዘንድ ቤተ መቅደስ የሚባለው ነገር አስቀድሞ ከግንድና ከድንጋይ ተዋቅሮ የሚቆም ሕንፃ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ በዓለም ፊት በድንጋይ ጥበብ የታወቀው አገራችን፣ ከዚያ በፊት የእንጨት ሕንፃ አገር እንደ ነበረ የሚመሰክርልን ራሱ ድንጋዩ ነው።

ምስክሩም በድንጋዩ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ዛሬ ዋና ከተማው ወልድያ በሆነው በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ንጉሡ ይምርሃነ ክርስቶስ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠ ነውና፣ ሕንፃው ከዓለት ፍልፍሎቹ በዕድሜ ይቀድማል። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር ግንድ፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል፤ ግንዱ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ ልስኑ ወደ ውስጥ ገባ ያለ በመሆኑ፣ ከዋሻው አፍ በሚገባው ብርሃን ጊዜ ጥላው በግድግዳው ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ይወርዳል። የውስጡ ጣሪያ በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች እየተከፈለ የተገጣጠመ የእንጨት ሥራ ሲሆን፣ በክፍሎቹ ውስጥ የተቀረጸውና በቀለም የተሣለው ሐረግ እንደ ብራና ጌጥ የረቀቀ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን የኖረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በሊስቦን በታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። የአገሩ ሰው ግንዱና ድንጋዩ ከግብፅ እንደ መጣ በትውፊት ይናገራል። ትውፊቱን አክብሬ እኔ ይበልጥ የማደንቀው ግን ግንዱን ጠርቦ፣ አስማምቶና አገጣጥሞ ያቆመውን እጅ ነው።

የዚህ ጥበብ ሥር ከአክሱም ነው። የአክሱም ሐውልቶች በድንጋይ ላይ በርና መስኮት፣ ከግድግዳውም የወጡ ክብ የግንድ ራሶች ተቀርጸውባቸው የምናየው፣ የዚያ ዘመን የነገሥታት ቤት በዚህ ዓይነት ይሠራ ስለ ነበር ነው። በሕንፃ ሆኖ የቆየልን ሌላው ታላቅ ምሳሌ የደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡት የጀርመን ሊቃውንት አጥንተው ሥዕሉን አውጥተውታል። የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው፤ ግንበኛው በጭቃ ብቻ በተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ ግድግዳውን ጥቂት ከፍ ካደረገ በኋላ፣ በርዝመቱ ረጅም ግንድ ያጋድምበታል፤ የፊቱና የኋላው ግንድ እንዳይለያዩም በግድግዳው ውፍረት አጭር ግንድ አሳልፎ ይቆልፋቸዋል። የአጭሩ ግንድ ራስ ነው በሁለቱም በኩል ብቅ ብሎ የሚታየውና ሰው የዝንጀሮ ራስ የሚለው። እንዲህ የታሰረ ግድግዳ መሬቱ ቢሰምጥ ወይም ቢናወጥ ወዲያው አይፈርስም፤ ድንጋዩ ክብደቱን ሲሸከም፣ ግንዱ መለያየትን ይከለክላል።

ከላስታ ደጋ ወደ የጁ ቆላ፣ ወደ ሀብሩ ሲወረድ ጥበቡ መልኩን ይለውጣል። በመርሳና በጊራና አካባቢ ማሽላና ጤፍ የሚያርሰው ገበሬ የሚሠራው ቤት የነገሥታት ቤት አይደለምና፣ ስለ እርሱ የጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከገዳሙ ሥራ ባልተናነሰ ክብር ሊነገርለት ይገባል እላለሁ። መሠረቱ በክብ ይቆፈራል፤ ቋሚው እንጨት ሥር ሥሩ ተደርድሮ ይተከላል፤ በውስጥና በውጭ ማገር ይመታበታል፤ ሚስማር ባልነበረበት ዘመን በልጥ ይታሰር ነበር። ምሰሶው በመካከል ይቆማል፤ ከግድግዳው የተነሣው ወራጅ ሁሉ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ጥቂት ቀን ከከረመ በኋላ ይመረጋል፤ መጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይከተላል፤ በመጨረሻም ልስኑ ይወጣል። ሥራው በደቦ ነው፤ ወንዱ እንጨቱን ሲያቆም ሴቷ ውሃና ጭድ ታቀርባለች፤ ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ ቤት ያቆማል። በየጁና በሀብሩ የገጠሩ መስጊድና የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ አንድ የእጅ ጥበብ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ናቸው።

ዛፉም በየሥራው ይመረጥ ነበር። ጥድ ለቋሚና ለምሰሶ፣ ሽታውና ዘይቱ ምስጥ ስለሚከለክል፤ ወይራ ክብደት ለሚሸከምና ለማይበሰብስ ቦታ፤ ዋንዛ ለሳንቃ፣ ለበርና ለከበሮ፣ ለመጥረቢያም ለመሮም ስለሚታዘዝ፤ ዝግባ ለረጅም ጣውላ። ይህን ዕውቀት አናጢው ከአባቱ በአፍ ይቀበለው እንጂ በመጽሐፍ አላገኘውም። ዛሬ ግን ጥድና ወይራ በብዛት ቆሞ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ፣ በገዳማትና በአንዳንድ መካነ መቃብር ዙሪያ ነው። ከሀብሩ በስተደቡብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርት ማዕከል የሆነው፣ መጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን ዛፎቹንም ጠብቆ ያቆየ ነው። የቀረውን አገር እርሻና ማገዶ ጨርሶታል።

በዚህ ጊዜ ነው ባሕር ዛፍ የደረሰው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ፣ እንጨት ያለቀባትን አዲስ አበባን ከመፍለስ አዳናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃልና። ወደ ወሎም በጊዜው ደረሰ፤ በደጋው ነጩ፣ በቆላው ቀዩ ባሕር ዛፍ። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ፣ ኢጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ ያነሡዋቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ በየቦታው እየዞረ ሲያነጻጽር፣ ብዙ ሰው ከሚያምነው በተቃራኒ የዛፉ ቁጥር ጨምሮ አገኘው። ይህ ግኝት ወሎ ትናንት በደን የተሸፈነች ነበረች፣ ዛሬ ራቁቷን ቀረች የሚለውን የተለመደ አነጋገር እንድንመረምር ያስገድደናል። አገሩ ቀድሞም የተራቆተ ነበር፤ የጨመረውም በአብዛኛው ገበሬው በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

በዘመነ ደርግ፣ በተለይም ከ1977ቱ ረኃብ ወዲህ፣ የወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ ዘመቻ ተቆፍረው እርከን ተሠራባቸው፤ ብዙ ሚሊዮን ችግኝም ተተከለ። ሥራው በላብና በርሃብ የተሠራ ነውና ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ደኑ የማኅበር ተብሎ ባለቤቱ ያልታወቀ ነበር፤ የተከለው ገበሬ መቁረጥ አይፈቀድለትም፤ ነገ የማን እንደሚሆንም አያውቅም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ ያጣው ደን በብዙ ቦታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመነጠረ። ይህን ያደረገውን ገበሬ አላዋቂ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱን የምሰጠው ተካዩን ከተከለው ዛፍ ለለየው ሥርዓት ነው። ለዚህም ማስረጃው በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማንም ሳያዘው ገበሬው በየማሳው ዳር ባሕር ዛፍ መትከሉ ነው።

በዚህ መካከል የቤቱ ሥራ ሌላ ጌታ አገኘ። ኢጣሊያኖች የሠሩት ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ አስመራ የሚደርሰው መንገድ ቆርቆሮን፣ ሚስማርንና ሲሚንቶን ይዞ መጣ፤ የድሬዳዋው ሲሚንቶ ፋብሪካም የተቋቋመው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ክቡ ቤት አራት ማዕዘን ሆነ፤ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ተተካ። በ2009 ዓ.ም. በወልድያ የተመረቀው ታላቁ ስታዲየም በብረትና በኮንክሪት ሲቆም፣ በከተማው ለሚያድግ ወጣት ሁሉ ሥልጣኔ ማለት ኮንክሪት ማለት ሆኖ ታየው። ባሕር ዛፉም ወደ ሕንፃው አካል ከመግባት ይልቅ ኮንክሪት እስኪደርቅ የሚሸከም፣ ከደረቀም በኋላ ለማገዶ የሚጣል መወጣጫና ድጋፍ ብቻ ሆነ። ይህ ነገር ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የላስታ ሰዎች ለመቅደስ የመረጡት ዕፅ በልጆቻቸው ዘመን ለአንድ ክረምት የሚያገለግል አሽከር ሆኗልና።

የሚያስደንቀው ግን፣ እኛ እንጨትን የድኃ ቤት ማቆሚያ ብለን በናቅንበት ዘመን፣ ባለጠጎቹ አገሮች ወደ እርሱ መመለሳቸው ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ኦቶ ሄትዘር የተባለ ጀርመናዊ አናጢ ቀጫጭን ጣውላዎችን በማጣበቂያ እያነባበረ ታላቅ ተሸካሚ ወራጅ ለመሥራት የፈጠራ መብት አገኘ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦስትሪያና በጀርመን ጣውላውን አንዱን ረድፍ በቁመት ሌላውን በአግድም እያነባበሩ ሙሉ ግድግዳና ወለል የሚሆን ሰሌዳ መሥራት ተጀመረ። እንጨት በቁመቱ ብርቱ፣ በጎኑ ደካማ ነው፤ የረድፉ መስቀልነት ያንን ድካም ያስወግደዋል። በእነዚህ ሁለት ዘዴዎች በኖርዌይ በ2019 እ.ኤ.አ. 85.4 ሜትር ከፍታ ያለው ሚዮስቶርኔት የተባለው ሕንፃ ተመረቀ፤ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማም በ2022 አሴንት የተባለው ባለ 25 ፎቅ ሕንፃ 86.6 ሜትር ደርሷል። እሳትም እንደሚፈራው አይደለም፤ ወፍራም ግንድ ሲቃጠል ውጭው ከሰል ሆኖ ውስጡን ይሸፍናል፤ እሳቱም በደቂቃ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ብቻ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከሁሉ በላይ፣ ሲሚንቶ ሲመረት ከዓለም የካርቦን ጋዝ ውስጥ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ያህሉን ወደ አየር ሲለቅ፣ የደረቀ እንጨት ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ስለሆነ፣ ቤቱ ቆሞ እስካለ ድረስ ያ ካርቦን በግድግዳው ውስጥ ታስሮ ይቆያል።

ይህን ወደ ሀብሩ ማምጣት ይቻላልን? ስል ተስፋውንም መሰናክሉንም ማየት ይገባኛል። ያለን ብዙ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም ጽኑና ከባድ ቢሆን፣ ግንዱ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፣ ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ክብደቱና በውስጡ ያለው ዘይት መሰል ነገርም ማጣበቂያ በቀላሉ እንዳይዘው ያደርጋሉ። ምስጥም አይምረውም፤ ገበሬው የቋሚውን ሥር በእሳት የሚያጠቁረው ወይም ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀባው ስለዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ በቤተ ሙከራ ሊጠኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ በሀብሩ ውስጥ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለሰብሉ የሚሰጠውን ትጋት ያህል ለግንዱ የሚሰጥ ክፍል ቢኖረው፣ አናጢዎቻችን በእጅ የሚያውቁትን በመለኪያ ያጸናው ነበር።

ትልቁ መሰናክል ግን ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ በመርሳ ገበያ ላይ ይታያል። እዚያ ባሕር ዛፉ በየመልኩ ተለይቶ ይደረደራል፤ ቀጭኑ ማገር፣ ከእርሱ የወፈረው አጠና፣ ከዚያም ቋሚና ወራጅ። ሻጩ በቁጥር ይሸጣል፤ ገዢውም በቁጥር ይገዛል። ለተነባበረ ጣውላ የሚሆን ግንድ ደግሞ ወፍራም ነውና፣ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት ይልቅ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆም አለበት፤ ዝግባና ጥድማ ከዚህም እጅግ የበለጠ ይፈልጋሉ። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ሃያ ዓመት ጠብቆ ለአንድ ወፍራም ግንድ የሚያገኘው ዋጋ፣ በዚያው መሬት አራት ጊዜ ቆርጦ ከሚሸጠው አጠና ካልበለጠ፣ በአምስተኛው ዓመት መጥረቢያውን ማንሣቱ ፍትሐዊ ስሌት ነው። ስለዚህ በወልድያ ወይም በመርሳ ግንድን በውፍረቱና በጥራቱ መዝኖ የሚገዛ፣ አድርቆም ጣውላ የሚያወጣ የመጋዝ ቤት ሳይቆም፣ ስለ እንጨት ሕንፃ የሚደረግ ምርምር ሁሉ ጥሬ ዕቃ የሌለው ጥበብ ሆኖ ይቀራል።