የአሮጌይቱ ፓሪስ ማኅደር

ኦዤን አትጄ ፎቶግራፍ አንሺ ከመሆኑ በፊት ከከተማ ከተማ የሚዞር የቲያትር ቡድን ተዋናይ ነበረ፤ መድረኩ ግን አልሰመረለትም። በ1890ዎቹ ማብቂያ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከባድ የእንጨት ካሜራውንና የመስታወት ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ ማለዳ ማለዳ የፓሪስን ሠፈሮች ይዞር ጀመር። ከተማይቱ በባሮን ኦስማን ዘመን በሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰንጥቃ ነበር፤ ከጥንቱ የተረፈውም በየጊዜው ይፈርስ ነበር።

አትጄ 30 ዓመት ያህል የሰበሰበው የበሩን ማንኳኪያ፣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት፣ የሱቁን መስኮት፣ በከተማው ዳርቻ ያለውን የቆራሌውን ጎጆ ነው። በደጃፉ የለጠፈው ጽሑፍ «ለሠዓሊያን የሚሆኑ ሰነዶች» ይል ነበር፤ ራሱን ከጠቢባን አልቆጠረም። በ1926 የሱሪያሊስቶች መጽሔት አንዱን ፎቶግራፉን በሽፋኑ ሲያወጣ፣ ስሙ እንዳይጻፍበት ጠየቀ ይባላል።

በብዙዎቹ ጎዳናዎቹ ላይ ሰው አይታይም። ስለዚህ ሕይወት የላቸውም የሚል ተመልካች ግን ቸኩሏል፤ መሐሉ የጎደጎደው የደረጃ ድንጋይ ስንት ትውልድ እንደረገጠው ይናገራልና። መጋረጃው ተገልጦ ተዋናዩ ገና ያልወጣበትን መድረክ ከአትጄ ይበልጥ ማን ያውቃል?

ወራሽ አልነበረውም። የድካሙ ፍሬ ዋጋውን በማያውቅ እጅ እንዳይወድቅ ስለ ሰጋ፣ በ1920 ከ2,600 በላይ ሰሌዳዎች ለፈረንሳይ መንግሥት በ10,000 ፍራንክ ሸጠ። በ1927 ሲሞት የቀረውን በማግሥቱ ዓመት የገዛችው ወጣቲቱ አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ቤረኒስ አቦት ናት። እርሷም ወደ አገሯ ተመልሳ፣ ከ1935 እስከ 1939 በመንግሥት ድጎማ፣ ከሰማይ ጠቀስ ፎቆቹ ጋር የኒው ዮርክን የዳቦ ቤት መስኮትና የብረታ ብረት ሱቅ ታነሣ ነበር።