የልጆች የታክስ ክሬዲት (አሜሪካ)

የልጆች የታክስ ክሬዲት በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ጥገኛ ልጅ የሚያሳድጉ ግብር ከፋዮች ካለባቸው የፌዴራል የገቢ ግብር ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ግብር የሚታሰብበትን ገቢ ከሚያሳንሱ ተቀናሾች የሚለየው የግብር ዕዳውን ራሱን በመቀነሱ ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ተደንግጎ በ1998 ሥራ ላይ ሲውል ለአንድ ልጅ 400 ዶላር ነበር፤ በ2018 ወደ 2,000፣ በ2025 ደግሞ ወደ 2,200 ዶላር አድጓል። ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖረው፣ ከግብር ከፋዩም ጋር በመርሕ ደረጃ ከግማሽ ዓመት በላይ ሊኖር ይገባል። ገቢያቸውን በጋራ የሚያስታውቁ ባለትዳሮች ከ400,000፣ ሌሎች ከ200,000 ዶላር በላይ ሲያገኙ ክሬዲቱ በየ1,000 ዶላሩ 50 ዶላር ይቀንሳል። የግብር ዕዳቸው ከክሬዲቱ የሚያንስ ወላጆች፣ ከሥራ ያገኙት ገቢ ከ2,500 ዶላር ካለፈ፣ በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 1,700 ዶላር በተመላሽ መልክ ሊያገኙ ይችላሉ።

በ2021 ክሬዲቱ ለጊዜው እስከ 3,600 ዶላር ከፍ ብሎ ከፊሉ በየወሩ ተከፍሏል። በዚያ ዓመት «ተጨማሪ የድህነት መለኪያ» በሚባለው ስሌት የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ፣ ጭማሪው ሲያበቃ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቅቧል።